ዘጠኝ ከዐሥር

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ከዐሥር ደቂቃ፣
ምድር ቤቱ በራ፤ ኮምፒውተሬ ነቃ።
የነካው የለ፣ የጠራው የለ፣
ፋኑ ብቻ እያጓራ፣
ሰማያዊ ብርሃን ግድግዳው ላይ ደራ።
«አንቀላፋ» ብዬ አስተኝቼው ነበር አራት ሰዓት ማታ፣
በአንዲት ጠቅታ።
አሁን የይለፍ ቃል ይጠይቀኝ ጀመር ዐይኑን አፍጥጦብኝ፤
ራሱ ቀስቅሶኝ፣ ራሱ «ማነህ?» አለኝ።

በሰማንያ ዶላር የገዛሁት ዕቃ፣ የጥርስ ሐኪም ቤት ዘመኑን የፈጀ፤
ስንቱን ሕመም አይቶ ይሆን እንቅልፍ አጥቶ ያረጀ?
ሜዲሲን ሃት ላይ ነን። የመድኃኒት ባርኔጣ ነው ሲፈታ ስሟ፤
ለእንቅልፍ ማጣት ግን መድኃኒት የላትም ከተማዋ ራሷ።
ከጓሮው አጥር ሥር ሐዲድ ያልፍበታል፣
በረዶው ከመስኮት እኩል ተቆልሏል፣
ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶብስ ይመጣል።
ኪያር ለቀማ አለ በመስታወቱ ቤት፤
ለእኔ መች ተረፈኝ የሚባክን ሌሊት?

ምርመራ ጀመርኩ።
አፕዴቱን ጠረጠርኩ፣ ሰው ሲተኛ ጠብቆ ጓዳ የሚገባ፤
ሰዓቱን ለቀትር ቀየርኩት። በማግሥቱ በራ።
የኔትወርኩን ገመድ ከጀርባው ነቀልኩት። በራ።
የመቀስቀሻውን ሰዓት ቆጣሪ ሁሉ አንድ በአንድ ዘጋሁ፤
በራ። እኔም በገንኩ።
ጥቁሯን መስኮት ከፍቼ፣ በትእዛዝ ቋንቋ፣
«ማን ቀሰቀሰህ?» ብዬ ጻፍኩለት።
«አልታወቀም» አለ፣
ሽማግሌ ፊት እንደ ቀረበ ሐሰተኛ ምስክር፣
ዐይኑን እንኳ ሳይሰብር።
ማርሴሊና፣ አብራኝ ኪያር የምትለቅም፣ «ጣለው» አለች፤
«የማይተኛ ነገር ቤት ውስጥ አይቀመጥም።»

ሌላ ምርጫ ነበር፦ «አሸልብ» የሚሉት።
ቃሉ ቀፈፈኝ፤ በእኛ አገር እንዲህ የሚባለው ለሞተ ነው።
ያንቀላፋ ማሽን በቀጭን ኤሌክትሪክ ነፍሱን ይዞ ያድራል፤
ያሸለበው ግን፣ የያዘውን ሁሉ ለዲስኩ ተናዞ፣
ጭልም ብሎ ይቀራል።
አሸለበ። ሌሊቱ ጸጥ አለ።
ጠዋት ቁልፉን ብጫን፣ ደግሜ ብጫን፣
መብራቷ ብልጭ ትላለች፤ ፊቱ ግን ጥላሸት።
መጨረሻ ላይ ሶኬቱን ነቅዬ በግድ አስነሣሁት፤
ተነሣ፣ ኑዛዜውን ግን በልቶት፤
ግማሽ የሞላሁትን የግብር ቅጽ እስከ ዛሬ አላየሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ኦርቪል፣ አከራዬ፣ ደረጃውን ወርዶ መጣ፣
በፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ።
«መብራትህ በረዶው ላይ ይወድቃል» አለኝ፤ «ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት።
እኔም ነቅቼ ነው የማየው።»
ሠላሳ አራት ዓመት የጭነት ባቡር የነዳ ሰው ነው።
መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣
ሐኪም የታማሚ ሆድ እንደሚዳስስ።
«ጠብቅ።»
ጠበቅን።
ምንም።
ከዚያ በብርጭቆዬ ውሃው ቀለበት ሠራ፤
ማውሷ፣ ያቺ አይጥ፣ የፀጉር ስፋት ያህል ፈቀቅ አለች፤
ስክሪኑ በራ።
ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ቤቱን እየናጠ።
«ፖታሽ ነው» አለ ኦርቪል ዐይኑን ጨፍኖ፤
«ስንዴ እንዲህ አይረግጥም።»

በማውሷ ገጽ ላይ፣ «ኮምፒውተሩን መቀስቀስ ትችላለች» ከሚለው አጠገብ፣
አንዲት ጭረት ነበረች። አነሣኋት።
«ይኸው ነው?»
«ይኸው ነው።»
መነጽሩን በፒጃማው ጫፍ ጠረገ፤ ጎንበስ ብሎ አየ፤
«የእኔዋ ጭረት የት ጋ ናት ታዲያ?» አለ።
ሳቅኩ። ቀና ስል እሱ አልሳቀም ነበር።

ማሽኑ አሁን ይተኛል፤ ያንን እንኳ አልክድም።
ዘጠኝ ከዐሥር ሲል ግን፣ ከጣሪያዬ በላይ፣
ነጠላ ጫማ ይሰማኛል፤
ሸርተት፣ ሸርተት፣ ከአልጋው እስከ መስኮቱ። ይቆማል።
ፉርጎ እየቆጠረ ነው።
እኔም በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ድምፁን ብቻ ይዤ፣ እቆጥራለሁ፤
ሰማንያ ምናምን ላይ ይጠፋብኛል።
ጠዋት በረዶ ሲዝቅ አገኘዋለሁ፤
«ደኅና አደርክ?» ሳልለው፣ ቁጥሩን ይነግረኛል።